ምንጩ የሚታወቅ ጤፍ፣ ዱካው የሚጠፋ በርበሬ፦ የአንድ የደብረ ማርቆስ የባልትና መደብር ግምገማ

በደብረ ማርቆስ ከተማ የጤፍ ዱቄት፣ የተቀመመ በርበሬ፣ ማርና ቅቤ አሽጎ የሚሸጥ አንድ መካከለኛ የባልትና መደብር አለ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ በከተማው ሌሎች መደብሮችም የሚገኝ ነው፤ እዚህ ለየት የሚለው በእያንዳንዱ ከረጢትና ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ካርድ ነው። ካርዱ ምርቱ ከየትኛው ወረዳና ቀበሌ እንደመጣ፣ መደብሩ መቼ እንደተረከበው፣ መቼ እንደተፈጨና እንደታሸገ፣ የመለያ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ ይገልጻል። በምግብ ጥራት ቁጥጥር ሙያ የቆየሁ ሰው በመሆኔ እንዲህ ያለ ካርድ ሳይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ ከካርዱ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ሳይሰናከል እስከ የት ይደርሳል? ይህ ግምገማ የመደብሩን ጤፍ፣ ማር፣ ቅቤና በርበሬ በዚሁ ጥያቄ የመዘነ ነው። ከማመሰግነው ጋር የምነቅፈውም ስላለ፣ ጉድለቱም የአንድ መደብር ብቻ ስላልሆነ፣ ስም መጥቀሱን ትቼዋለሁ።

ጉዳዩ ለምን ክብደት እንደሚሰጠው ለመረዳት እህል ከጎጃም እንዴት እንደሚወጣ ማየት ይበቃል። በእነማይ፣ በአዋበል፣ በደጀንና በሸበል በረንታ መረሬ አፈር ላይ የሚበቅለው ጤፍ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ «የጎጃም ጤፍ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። ስሙ ዋጋ ያወጣል፤ ከስሙ ጀርባ ግን በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ገበሬው ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው የብዙ ገበሬ እህል በአንድ ክምር ይገለብጣል፤ ጅምላ ነጋዴው የሰብሳቢዎቹን ጭነት መልሶ ይቀላቅላል፤ ቸርቻሪው ደግሞ ዋጋውን ለማስተካከል ነጩን ከሰርገኛው ያዋህዳል። እህሉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ስለ እህሉ የሚታወቀው ነገር ግን በየእጁ ላይ ይቀራል።

በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በማር ውስጥ ስኳር፣ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በእንጀራ ውስጥ ጄሶ ተገኘ የሚል ዜና በየጊዜው ስንሰማ ከመጨረሻው ሻጭ ያለፈ ተጠያቂ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ «ከነጋዴ ገዛሁ» ይላል፤ ነጋዴው «ከገበያ ሰበሰብኩ» ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል የሸማቹ ብቸኛ መከላከያ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኅብረተሰቡ እንዳይጠቀምባቸው በሚያሳስባቸው ምርቶች ላይ ደጋግሞ የሚያነሣው ጉድለት የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትና የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን፣ እንዲሁም የመለያ ቁጥር አለመኖር ነው። የታሸጉ ምግቦችን ገላጭ ጽሑፍ የሚመለከተው የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል) አጠቃላይ ደረጃም የመለያ ቁጥርን ከግዴታዎቹ መካከል ያስቀምጣል።

በአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የምግብ ሕግ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ፣ እያንዳንዱ የምግብ ነጋዴ ከማን እንደገዛና ለየትኛው ድርጅት እንደሸጠ እንዲያውቅና ሲጠየቅ እንዲያሳይ አስገድዷል። ባለሙያዎች ይህን «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት» ይሉታል። በ2023 የወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከተው ሕግ ደግሞ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲመላከት ይጠይቃል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ወሰኑ፣ ካነሰ ደግሞ አንድ ነጥብ ይበቃል። ለውጭ ሸማች ስንል የቡናችንን ማሳ ለመለካት ስንሯሯጥ፣ ልጆቻችን በየቀኑ የሚበሉት እንጀራ ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ ይህን መደብር በጥሞና ያየሁትም ስለዚህ ነው።

ሙከራዬን በጤፍ ጀመርኩ። ከመደርደሪያው ያነሣሁት ባለ 25 ኪሎ የነጭ ጤፍ ዱቄት «ቢ-17-042» የሚል ቁጥር ነበረው፤ ፊደሉ የተሰበሰበበትን ቦታ ቢቸናን፣ 17 ዓመቱን፣ 042 ደግሞ በዚያ ዓመት የገባውን የጭነት ተራ ያመለክታል። መዝገብ የምትይዘውን ወጣት የዚህን ከረጢት መነሻ እንድታሳየኝ ስጠይቃት «ጋሼ፣ ካርዱን እርስዎ ይያዙት፤ ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ» አለችና ትልቁን የወረቀት መዝገብ ገለጠች። ገጹ ላይ የአራት ገበሬዎች ስም፣ ከእያንዳንዳቸው የተገዛው መጠን፣ ሽያጩ የተፈጸመበት የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ደረሰኝ ቁጥር፣ የዘሩ ዓይነት ቁንጮ መሆኑ፣ በታኅሣሥ መወቃቱና በጥር መረከቡ ሰፍሯል። ደረሰኙ ራሱ በገጹ ጥግ ተያይዟል። የዘሩ ስም መጻፉን በተለይ ወደድኩት፤ ቁንጮ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀና በገበሬው ዘንድ በሰፊው የተስፋፋ ዝርያ ሲሆን፣ ገዢው ዝርያውን ካወቀ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ መርጦ መጠየቅ ይችላል።

ስምና ቀን መጻፍ ቀላል ነው፤ መዝገብ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን በሚዛን ነው። የገባው ሁሉ ከወጣው፣ ከተጣለውና ከቀረው ጋር መግጠም አለበት። በቁጥር 042 የገባው 12 ኩንታል፣ ማለትም 1,200 ኪሎ ነው። ሲበጠርና ሲነፋ 31 ኪሎ አፈር፣ አሸዋና እብቅ ወጥቷል፤ በወፍጮ ላይ 9 ኪሎ ቀርቷል፤ 1,085 ኪሎ ተሽጧል። የቀረው 75 ኪሎ መሆን ነበረበት፤ መጋዘን ገብቼ ስቆጥር ያንኑ ቁጥር የያዙ ባለ 25 ኪሎ ከረጢቶች ሦስት ሆነው አገኘኋቸው። ከሌላ ቦታ የመጣ ጤፍ በዚህ ቁጥር ተሸፍኖ ቢሸጥ ኖሮ ድምሩ ያጋልጠው ነበር። በሙያዬ ካየኋቸው ትላልቅ ድርጅቶች መካከል እንኳ ይህን ሒሳብ በእጅ በተጻፈ መዝገብ በዚህ ፍጥነት ማስታረቅ የቻሉት ብዙ አይደሉም።

አራቱ ገበሬዎች ያመጡት ጤፍ በአንድ ላይ መቀላቀሉን ወጣቷ አልደበቀችም፤ መዝገቡም ይናገራል። ይህ ቅሬታ አያስነሣም። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት 0.3 ግራም አካባቢ ብቻ በመሆኑ አንዴ ከተቀላቀለ መልሶ የሚለየው የለም። ስለዚህ ዋናው ነገር ከመቀላቀሉ በፊት ማን ምን ያህል እንዳመጣ መጻፉ ነው፤ በዚህ ጭነት ላይ ችግር ቢገኝ ጥርጣሬው በአራት ሰዎች ላይ ይወሰናል እንጂ በወረዳው ገበሬ ሁሉ ላይ አይደፋም። ለገበሬውም ቢሆን ይህ ክብር ነው፤ ጤፉን አጥርቶ ያመጣ ሰው አሸዋ ቀላቅሎ ካመጣው ጋር በአንድ ስም አይጠራም፣ በአንድ ዋጋም አይከፈለውም።

የወፍጮው ጉዳይ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። መደብሩ የራሱ ወፍጮ የለውም፤ በተቀጠረ ቀን ማለዳ፣ ሌላ ደንበኛ ሳይቀድም፣ በአካባቢው ወፍጮ ቤት ያስፈጫል። ወፍጮው ይጠረጋል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ኪሎ ዱቄትም ከቀድሞው እህል ቅሪት ጋር ስለሚነካካ ለብቻ ተይዞ ለከብት መኖ ይውላል፤ ከላይ የጠቀስኩት 9 ኪሎ ይህንንም ይጨምራል። አሠራሩ የሚመሰገን ነው፤ ካርዱ ግን ስለዚህ ምንም አይልም። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) የሌለው እህል በመሆኑ የስንዴና የገብስ ምግብ የማይስማማቸው ሕሙማን ይመርጡታል፤ በዚያው ወፍጮ ላይ ትናንት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢጠረግ ቅሪት መኖሩ አይቀርም። «ስንዴና ገብስም በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ» የሚል አንድ መስመር በካርዱ ላይ መጨመር ወጪ የለውም፤ ላንድ ታማሚ ግን ከቀበሌው ስም ይልቅ የሚጠቅመው ይህ መስመር ነው። የመደብሩ ባለቤት ሐሳቡን ተቀብለው ካርዱ እንደገና ሲታተም እንደሚጨምሩት ነግረውኛል።

ወደ ኋላ ያለው መንገድ ይህን ያህል ከጠራ ወደ ፊት ያለውስ? የተሸጠው 1,085 ኪሎ ማን ዘንድ እንዳለ ስጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። ለምግብ ቤቶችና ለእንጀራ ጋጋሪዎች የተሸጠው፣ እንዲሁም ወደ አዲስ አበባ የተላከው፣ ከነስልክ ቁጥሩና ከነመለያ ቁጥሩ ተመዝግቧል። ለእግረኛ ደንበኛ የተሸጠው ግን የለም። አንድ ነገር ተገኝቶ ምርቱን ማስመለስ ቢያስፈልግ መደብሩ ለግማሹ ሰው መደወል ይችላል፤ ለቀሪው በር ላይ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ውጭ አማራጭ የለውም። የእያንዳንዱን ሸማች ስም መመዝገብ ተገቢ አይመስለኝም፤ የአውሮፓው ሕግም ቢሆን ነጋዴው ለመጨረሻው ተጠቃሚ የሸጠውን በስም እንዲያውቅ አያስገድድም። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ የመለያ ቁጥሩ ቢጻፍ ገዢው ከረጢቱን ጥሎ ዱቄቱን በጆንያ ወይም በእቃ ቢገለብጠው እንኳ ቁጥሩ እጁ ላይ ይቆያል። አሁን የሚሰጠው ደረሰኝ «ጤፍ ነጭ፣ 25 ኪሎ» ብቻ ነው የሚለው።

ካርዱን በቅርበት ስመረምር ሊታረሙ የሚገባቸው ነገሮች ወጡ። የመጀመሪያው የቀን አጻጻፍ ነው። «12/03/17» የሚለውን የጎጃም ሰው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። ያንኑ ከረጢት ውጭ አገር ያለ ልጁ ሲቀበለው ግን ማርች 12 ቀን 2017 ብሎ ያነበውና የተበላሸ ዱቄት ተላከልኝ ይላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍና «ዓ.ም.» የሚለውን አለመተው መድኃኒቱ ነው። ከዚህ የባሰው ጳጉሜ ነው። መደብሩ ከወረቀቱ መዝገብ ጎን የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሠንጠረዥ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሚያውቅ በጳጉሜ የታሸገው ሁሉ «ነሐሴ 30» ተብሎ ገብቷል። ልዩነቱ የጥቂት ቀናት ነው፤ ነገር ግን አውቆ የተሳሳተ ቀን የሚያስገባ ሠራተኛ መዝገብ እንደሁኔታው የሚስተካከል ነገር እንደሆነ ይለምዳል፤ የምፈራውም ይህን ልማድ ነው። የቀኑን ዓምድ እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲቀበል ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለወጣቷ አሳይቻታለሁ።

የቦታ ስሞችም ችግር አለባቸው። በሠንጠረዡ ውስጥ አንዱ ከተማ «ቢቸና» እና «ብቸና» ተብሎ፣ ወረዳውም «እነማይ» እና «እናማይ» ተብሎ ሰፍሯል። ሰው ሲያነበው አይቸገርም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ቦታ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ከቢቸና የመጣውን ሁሉ ፈልግልኝ ሲባል ግማሹን ብቻ ያወጣል። የምርት ማስመለስ ሥራ በሚሠራበት ቀን የተረሳው ግማሽ ሰው ሲበላው ይውላል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቀበሌና ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጥቶ ስሙ ከቁጥሩ ጋር ብቻ ቢያያዝ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

በካርዱ ጥግ የታተመው ኪውአር ኮድ ብዙ ደንበኛ የሚያደንቀው ነገር ነው፤ እኔ ግን ከካርዱ ክፍሎች ሁሉ የማልተማመንበት እርሱ ነው። በስልክ ሲነበብ ወደ አንድ ድረ ገጽ ይወስዳል፤ ኢንተርኔት ከሌለ ምንም አያሳይም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የምግብን መረጃ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማስቀመጥ ለሸማቹ አይበጅም። ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል ሲፈጠር መረጃውን ራሱ ተሸክሞ እንዲጓዝ የታሰበ ነው፤ ትልቁ ዓይነት እስከ 2,953 ባይት ይይዛል። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚፈልግ ወደ 980 ፊደል ይችላል ማለት ነው፤ የዚህ ካርድ ጽሑፍ ሁሉ ተደምሮ ከዚያ ሩብ አይሞላም። ስለዚህ ቦታው፣ ቀኑና የመለያ ቁጥሩ በኮዱ ውስጥ ራሱ ቢገባ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል። እስከዚያው ድረስ የታመነው በእስክርቢቶ የተጻፈው ትልቅ መዝገብ ነው፤ መደብሩም መዝገቡን ለመተው አለመቸኮሉ ትክክል ነው።

ማሩ ብዙ የሚያናግር አይደለም፤ ጥሩ ነው። ከሰከላ አካባቢ የመጣ፣ አደይ አበባና መጭ ካበቡ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ቢጫ ማር ሲሆን፣ ካርዱ የተቆረጠበትን ወር፣ የቀፎውን ዓይነትና የተለካውን የእርጥበት መጠን 18 በመቶ ብሎ ይገልጻል፤ የኮዴክስ የማር ደረጃ የሚፈቅደው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ሠራተኞቹ ማር መርጋቱ ስኳር ለመቀላቀሉ ማስረጃ እንዳልሆነ ለደንበኛ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ትክክል ናቸው። ንብ አናቢዎቹ ማሳ አጠገብ የሚረጨውን ኬሚካል ጊዜ እንዲያሳውቁ የሚጠይቅ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ቢጨመር የተሟላ ይሆን ነበር።

በቅቤው ያገኘሁት ነገር አስገርሞኛል፤ ካርዱ «ለጋ፤ ከልዩ ልዩ አቅራቢዎች ከገበያ የተሰበሰበ፤ እስከ ቀበሌ አልተለየም» ይላል። ቅቤ ከብዙ እናቶች በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ ምንጩን በቀላሉ መለየት አይቻልም፤ ብዙ ሻጭ በዚህ ቦታ ላይ የአንድ ታዋቂ ወረዳ ስም ጽፎ ያልፈዋል። የማይታወቀውን «አልተለየም» ብሎ መጻፍ ሽያጭ ሊያስቀር ይችላል፤ ሌላው ካርድ ላይ የተጻፈውን እንዳምን ያደረገኝ ግን ይኸው ነው። ቅቤውን ለመግዛት የሚፈልግ ሰው በአፍንጫውና በምላሱ መተማመን ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምንጩ መታወቁ ብቻውን የምርቱን ጥሩነት አያረጋግጥም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ንግዱን በደረጃ ላይ በማቆሙ፣ ልዩ ቡና ፈላጊዎች ደረጃው እንጂ ምንጩ አይታወቅም ብለው ቅሬታ አሰምተው ነበር። የዚህ መደብር ካርድ በተቃራኒው ነው፤ ምንጩን ይናገራል፣ ደረጃውን አይናገርም። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ የሚለው ክፍፍል በሻጩ ዐይን ብቻ ይሰጣል። በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች «ነጭ» ተብለው የቀረቡ ዱቄቶችን ጎን ለጎን አይቼ በቀለም በግልጽ ይለያዩ ነበር፤ ዋጋቸው ግን አንድ ነው።

በርበሬው ላይ ስደርስ መንገዱ ተቋረጠ። «የቡሬ በርበሬ፣ የተቀመመ» በሚለው ከረጢት ላይ ያለውን ቁጥር ስንከተል ዛላው ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች የተገዛ 3 ኩንታል መሆኑ፣ የተረከቡበት ቀንና አቅራቢዎቹ በሚገባ ተጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ግን ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ጨውም ጭምር፣ «ቅመማ ቅመም ከገበያ» በሚል አንድ መስመር ታልፈዋል። ከማን፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ የሚል የለም። ኮረሪማ ከደቡብ ምዕራብ፣ ጨው ከአፋር ስንት እጅ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ከዛላው ይልቅ መንገዱ የረዘመው የእነዚህ ነው። ካርዱ ለአንዱ አካል ብቻ የተነገረውን ምንጭ ለጠቅላላው በርበሬ ያውለዋል።

የሚዛኑን ሒሳብም ሞከርኩት። ከ300 ኪሎ ዛላ ግንዱና ብልሽቱ ተቀንሶ፣ ቅመሙ ተጨምሮ፣ 340 ኪሎ የተቀመመ በርበሬ ወጥቷል። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ግንዱ ስንት እንደመዘነ፣ ቅመሙም ስንት እንደሆነ ስላልተጻፈ ከ340ው ውስጥ ምን ያህሉ በርበሬ፣ ምን ያህሉ ጨው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። በጤፉ ላይ ማጭበርበርን የሚያጋልጠው ድምር በበርበሬው ላይ ምንም አይሠራም፤ ሌላ ሰው 50 ኪሎ ባዕድ ነገር ቢጨምርበት መዝገቡ ዝም ይላል።

ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ በፌብሯሪ 2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የደረሰውን ያስታውስ። ሱዳን 1 የሚባል፣ ለምግብ ያልተፈቀደ ቀይ የፋብሪካ ቀለም የገባበት የበርበሬ ዱቄት አንድ ስጎ ለመሥራት ዋለ፤ ስጎው ደግሞ በሌሎች በርካታ የተዘጋጁ ምግቦች ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተሰብስበዋል። የተበከለው አንድ ቅመም ነበር፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ከማን እንደገዛ ባይታወቅ ኖሮ ያን ዝርዝር ማውጣት ራሱ አይቻልም ነበር። ለእኛ ደግሞ ከቀለሙም በላይ ሻጋታው ያሰጋል። ዛላ በእርጥብ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ወይም እንዳይሰባበርና እንዲመዝን ውኃ ሲርከፈከፍበት፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ ያድግበታል፤ መርዙም በማቁላላትም ሆነ በመቀቀል ተሟጦ አይጠፋም። በካርዱ ላይ በርበሬው የት ወረዳ እንደበቀለ ከመጻፍ ጋር በሸራ ላይ ይሁን በመሬት ላይ መድረቁ፣ ሲረከቡትም እርጥበቱ ስንት እንደነበረ መጻፍ ይገባ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የተረፈው በርበሬ ነው። አንድ ዙር ተፈጭቶ ሲሸጥ የሚቀረው ጥቂት ኪሎ በሚቀጥለው ዙር ላይ ተጨምሮ አዲስ ቁጥር እንደሚሰጠው ወጣቷ ስጠይቃት ሳትሸሽግ ነገረችኝ። የመደብሩ ባለቤትም «ንጹሕ በርበሬ መጣል ኃጢአት ነው» አሉኝ። መጣል እንደሌለበት እስማማለሁ፤ በየቤታችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም ሳይጻፍ ሲቀር እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ይሸከማል፤ የቀደመው ደግሞ ከእርሱ በፊት የነበረውን፤ በመጋቢት የተገኘ ችግር ከየትኛው ወር ዛላ እንደመጣ ማወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ይፈጠራል። አራት ገበሬዎች ያመጡት ጤፍ ሲቀላቀል ዱካው ያልጠፋው ስለተጻፈ ነው። በርበሬውም «ከቁጥር 031 የተረፈ 14 ኪሎ ተጨምሮበታል» የሚል አንድ መስመር ይበቃው ነበር። የመደብሩ ባለቤትም ይህን አልተቃወሙም፤ ከሚቀጥለው የዛላ ወቅት ጀምሮ ቅመሙን እየመዘኑ ለመያዝ ሚዛን ለይተው እንዳስቀመጡ አሳይተውኛል።

ዋጋው ከተራው ገበያ ከፍ ይላል፤ በጤፍ ላይ በኩንታል ጥቂት መቶ ብር ይጨምራል። አሸዋው የወጣለት፣ ሚዛኑ የተስተካከለ፣ ተመልሶ የሚጠየቅ ባለቤት ያለው ዱቄት በመሆኑ ጭማሪውን እቀበለዋለሁ፤ በተለይ እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡና ለብዙ ሰው ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች ይህን መደብር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። አዲስ አበባ ድረስ የሚያዝዝ ሰው ከረጢቱ ሳይፈታ፣ ካርዱ እንደተሰፋበት እንዲደርሰው ቢያሳስብ ይበጃል፤ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ጆንያ ከተገለበጠ ቁጥሩ አብሮ አይሄድም። ማሩንም ደግሜ እገዛዋለሁ። የተቀመመውን በርበሬ በተመለከተ፣ የቅመሙ ሚዛንና የተረፈው መጠን በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ እስካይ ድረስ፣ ከመደብሩ ዛላውን ብቻ ገዝቶ ቤት ማስቀመሙን መርጫለሁ፤ ዛላው የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም እስከ ቀበሌው ይዘልቃል።